የአንድ ቀን ፈቃድ

«ቦርሳውን አስቀምጪው» አለቻት ታላቅ እህቷ ዝቅ ባለ ድምፅ።

የማተሚያ ቤት አራሚዋ በሩ አጠገብ ቆማለች። ትከሻዋ ላይ ቦርሳ፣ ክንዷ ላይ የባሏ ሹራብ። ሳሎኑ በለቅሶ ደራሽ ጢም ብሎ ሞልቷል፤ ሁሉም ያያታል፣ ሁሉም እንዳላየ ሆኖ ሻይውን ያማስላል።

«ሐሙስ አይደል እንዴ?» አለች።

«ሐሙስ ነው። ነይ ተቀመጪ፣ የኔ እህት።»

ያኔ ነቃች። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ማክሰኞ፣ ሐሙስና ቅዳሜ፣ ልክ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ላይ ባሏን ይዛ ወደ ኩላሊት እጥበት ስትወጣ ኖራለች። ሹራቡን የምትይዝለት ማሽኑ ደሙን ሲያጥበው ስለሚበርደው ነው። ሰውየው ሰኞ ሞተ፣ ማክሰኞ ተቀበረ፤ ለእግሮቿ ግን መርዶውን የነገራቸው የለም።

ተቀመጠች። ወዲያው ደግሞ የበሩ መጋረጃ ሲነቃነቅ ብድግ አለች። የገቡት ጎረቤታቸው፣ ጡረተኛው መምህር ናቸው። ባርኔጣቸውን አውልቀው እጇን በሁለት እጃቸው ያዙና፣ «ምን ይደረጋል ልጄ፣ የእግዚአብሔር ፈቃድ ነው» አሏት።

«አሜን» ማለት ነበረባት። እሷ ግን እጇን አስለቀቀችና ወደ ጓዳ ሄደች። ጓዳ ውስጥ ምንም ሥራ አልነበራትም። የታጠበ ብርጭቆ አንስታ እንደገና አጠበች።

እህቷ ፔርሙዙን ታቅፋ ተከተለቻት። ይህች እህት የለቅሶ ቤት ሹም ናት፤ ወንበር አምጡ፣ ሻይ ቅዱ፣ ሕፃኑን ያዙት ስትል ትውላለች፤ እሷ ቁጭ ብላ ካለቀሰች ሰው ሁሉ ሳይስተናገድ የሚቀር ይመስላታል።

«ምነው አንቺ? መምህሩን እንደቆሙ ትተሻቸው መጣሽ። ከትናንት ወዲያ ጀምሮ እንደ ውሃ ላይ ኩበት ትዋልያለሽ። በር በተንኳኳ ቁጥር ብድግ! ማንን ነው የምትጠብቂው?»

«ነርሷን።»

«የትኛዋን?»

«የእጥበቷን። እስካሁን አልመጣችም።»

«ሥራ ይዟት ይሆናላ። ደግሞስ ብትመጣ ከሞት አትመልሰው!» አለችና የራሷ ንግግር አስደነገጣት። «ምላሴን ይቁረጠው። ነይ፣ ውጪ፣ ሰው ይታዘበናል።»

አራሚዋ ለእህቷ እንኳን ልትናገር ያልደፈረችው ጥያቄ አላት። ባሌን የገደልኩት እኔ እሆን? ጥያቄዋ ይኸው ነው። መልሱ ያለው ነርሷ ዘንድ ብቻ ነው፤ ባሏ ቅዳሜ ጠዋት ስልክ ደውሎ ያናገረው እሷን ነበርና።

ሰውየው የአውቶቡስ ጣቢያ የስምሪት ኃላፊ ነበር። የትኛው ሹፌር በየትኛው መስመር እንደሚወጣ፣ ማን እንደሚያርፍ የሚወስነው እሱ ነው፤ የፈቃድ ወረቀት ላይ የሚፈርመውም እሱ። ኩላሊቶቹ ሥራ ሲያቆሙ ነገሩ ተገለበጠና ራሱ ፈቃድ ጠያቂ ሆኖ አረፈው። መጀመሪያ ተናደደ፣ ከዚያ አዘነ፣ ከዚያ እንደ ልማዱ ቀለደበት። «እንደኔ ያለ ንጹሕ ሰው ካለ አምጡልኝ! በሳምንት ሦስት ቀን ስታጠብ የምውል!» ይል ነበር። እጥበቱን «ሁለተኛው መሥሪያ ቤቴ» ነው የሚለው። «አራት ሰዓት ሙሉ ጋደም ብዬ እሠራለሁ። ደመወዝ የለው፣ ዕድገት የለው፣ የዓመት ፈቃድ እንኳን የለው!»

እሷ አትስቅም። ሥራዋ ማተሚያ ቤት ውስጥ ማረም ነው፤ እጥበት በሌለበት ቀን የሰው ስሕተት ስትለቅም ትውላለች፣ ቤት ስትገባም አይለቃትም። ጨው በማንኪያ ጫፍ ትሰፍርለታለች፣ የሚጠጣውን ውሃ በብርጭቆ ትለካለታለች። ለልቡ አይሆንም ስላሏት ሙዝ የሚባል ነገር ከቤቷ አባረረች። «አንዲት ሙዝ ምን ታደርገኛለች?» እያለ ይለምናታል፤ «አንዲት ፊደልስ ምን ታደርጋለች? ቃል ታበላሻለች!» ብላ ትመልስለታለች።

እግዚአብሔርንም የያዘችው እንደዚሁ በጥብቅ ነው። በየጠዋቱ ከመኝታ ቤቱ ጎን ካለችው ጠባብ ክፍል ገብታ ድምፅዋን አውጥታ ትጸልያለች። «ልጅ አልሰጠኸንም፣ ዝም አልኩህ። እሱን ግን አትውሰድብኝ» ትላለች። ትለምናለች፣ ትከራከራለች፣ አንዳንዴም ታኮርፋለች። አንዲት ቃል ግን ከአፏ አትወጣም፤ «ፈቃድህ ይሁን» የምትለዋ። ሌላው ሰው ሳያስባት እንደ ዋዛ የሚላት ቃል እሷ ጉሮሮ ላይ ትቆማለች። አንዴ እንዲህ ካልኩት እሺ ብሎ ይወስደዋል ብላ ፈራች። አላመነችም እንዳይባል፣ የፈራችው ስለምታምን ነው። እናም እዚያች ቃል ላይ ስትደርስ ትንፋሿን ትይዝና ታልፋታለች። በሰው ጽሑፍ አንዲት ቃል ብትዘለል ኅዳጉን በቀይ እስክሪብቶ የምታቀላው ሴት ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ያቺን ቃል ስትዘላት ኖረች።

ቅዳሜ ጠዋት ነው ነገሩ የመጣው። ባሏ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ አንድ እግሩን ጫማ ውስጥ ከተተና ሁለተኛውን ትቶ ቆየ።

«ስሚ እስቲ፣ ዛሬ ፈቃድ ብወጣስ?»

«ከምኑ?»

«ከእጥበቱ ነዋ። አንድ ቀን። ፀሐይ ልሙቅ፣ ጋዜጣ ላንብብ፣ እንደ ሰው ቤቴ ልዋል። ማክሰኞ እገባለሁ።»

«ቀልድህን ተውና ጫማህን አድርግ፣ ረፍዷል።»

«አልቀለድኩም። ደክሞኛል።»

ፊቷን አዞረች። አፏን ብትከፍት የምትጮኽበት መሰላት። ጠባቧ ክፍል ገብታ በሩን ድርግም አድርጋ ዘጋችው። ለጸሎት ቆመች፤ የምትለው ግን ጠፋት። ልመናዋ አልቋል። እሷም ደክሟታል፤ ወረፋው፣ መንገዱ፣ የመርፌው ጠባሳ፣ «ዛሬስ እንዴት አደረ?» የሚላት ሰው ሁሉ ታክቷታል። ግንባሯን ግድግዳው ላይ ደገፈችና፣ «በቃ፣ ፈቃድህ ይሁን!» አለች ጮክ ብላ። «ፈቃድህ ይሁን!»

አልቅሳ፣ ፊቷን ጠራርጋ ስትወጣ ባሏ ጫማውን አውልቋል። ወንበር በረንዳ ላይ አውጥቶ ፀሐይ ይሞቃል፣ ስልኩ ጭኑ ላይ ነው።

«ምን ማድረግህ ነው?»

«ፈቃድ ወጣሁ። ለነርሷም ደውዬ ነግሬያታለሁ።»

«ማን ፈቀደልህ?»

ፈገግ ብሎ በአውራ ጣቱ ወደ ኋላው፣ ወደ ቤቱ አመለከታት። የተለመደው ቀልዱ ነው ብላ ተወችው። እውነት ለመናገር ደስም ብሏት ነበር። አጠገቡ ተቀምጣ ጋዜጣ አብረው ሲያነቡ ዋሉ፤ እሱ ስሕተት አገኘሁ እያለ ያሳያታል፣ እሷ «ይሄማ ትክክል ነው፣ መሃይም!» ትለዋለች፣ ይሳሳቃሉ። እሑድም ደህና ዋለ። ሰኞ ጠዋት ፊቱን እየታጠበ ሳለ ልቡ ቆመ።

የጣቱ ነገር የገባት በቀብሩ ዕለት ነው። የመጀመሪያው ለቅሶ ደራሽ «የእግዚአብሔር ፈቃድ ነው» ሲላት ያ አውራ ጣት ትዝ አላት። ለካ ያመለከተው የጠባቧን ክፍል ግድግዳ ነው! ለአምላኳ ያለችውን ቃል ለእሱ የተሰጠ መልስ አድርጎ ሰምቶት ይሆን? ለባልም ለእግዚአብሔርም የሚባለው ያው «ፈቃድህ» ነው። እግዚአብሔርስ ቢሆን? ዘጠኝ ዓመት ጠብቆ ጠብቆ አንድ ቀን እሺ ባለችበት አፏ ይይዛታል? ከዚያ ወዲህ መቀመጥም መቆምም አልሆነላትም።

ከሰዓት በኋላ የጣቢያው ሹፌሮች ተሰብስበው መጡ። ከመሃላቸው አንዱ፣ ቀስ ብሎ ስለሚነዳ «ፍሬን» የሚሉት ግዙፍ ሰውዬ፣ ሻይው ገና ሳይቀርብለት ወሬ ጀመረ።

«እኛ ጣቢያ ሰው ፈቃድ ሲፈልግ ምክንያት አያጣም፣ እትዬ። የኔን አያት ብቻ አራት ጊዜ ቀብረናታል።»

ሳሎኑ በሳቅ ሞላ። መምህሩ ሳይቀሩ ሳቁ፣ መልሰው ግን ፊታቸውን ኮስተር አደረጉ።

«አንድ ቀን ጋሼን፣ እንደምዋሽ እያወቁ ለምንድን ነው የሚፈርሙልኝ አልኳቸው። ምን ቢሉኝ ጥሩ ነው? ‹ሰው ፈቃድ ከጠየቀ ደክሞታል ማለት ነው፤ ምክንያቱን ምን አደርግለታለሁ?›»

አራሚዋ እንደገና ብድግ አለች። ደክሞኛል ብሏት ነበር እኮ! በእንግዶቹ ጉልበት መሃል እየተሹለከለከች በረንዳው ላይ ወጣች፣ ከበረንዳው ወረደች፣ ለምን እንደምትሄድ ሳታውቅ እስከ ግቢው በር ሄደች።

ነርሷ እዚያ ቆማለች። የሥራ ጫማዋን እንኳን አልቀየረችም። አራሚዋን ስታይ ዞር ልትል ነበር፣ ግን አልቻለችም።

«ለምን አትገቢም?»

«ፈርቼ ነው፣ እትዬ። ትናንትም መጥቼ ከዚሁ ተመልሻለሁ።»

አራሚዋ እግዜር ይስጥልኝም፣ ደህና ነሽም አላለችም። «ቅዳሜ ምን አለሽ? ቃል በቃል ንገሪኝ፣ አንዲትም ቃል እንዳታስቀሪ!»

ነርሷ ወደ በሩ ቀረብ አለች። «‹ልጄ፣ ዛሬ ፈቃድ ወጥቻለሁ› አሉኝ። አይሆንም ጋሼ፣ እስከ ማክሰኞ ረጅም ነው፣ ማን ፈቀደልዎ አልኳቸው። ‹ባለቤቴ› አሉኝ።»

አራሚዋ የበሩን ብረት ያዘች።

«ከዚያ ግን ሳቁ» አለች ነርሷ ፈጠን ብላ። «‹እውነቱን ልንገርሽ፣ ለኔ አይደለም ያለችው፣ ለእግዚአብሔር ነው። እኔ ግን ከግድግዳው ወዲህ ስለነበርኩ ፈቃዱን ተሻማሁት› አሉኝ።»

«ያውቅ ነበር?»

«ያውቁ ነበር። ‹ዘጠኝ ዓመት በግድግዳው ስሰማት ያቺን ቃል ትዘላታለች። እዚያ ስትደርስ ትንፋሿን ትይዛለች፣ እኔም አብሬያት እይዛለሁ። ዛሬ አለቻት። ባለቤቴ ለዋናው ባለቤት አስረከበችኝ፤ አሁን ማን ይፈራል? አንድ ቀን ፀሐይ ልሙቅበት› አሉኝ። ማክሰኞ በጊዜ እመጣለሁ ብለው ዘጉት።»

ለአራሚዋ ቀድሞ የመጣላት ንዴት ነው።

«ይሄ ተንኮለኛ!» አለች። «ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ጆሮውን ለጥፎ ሲሰማኝ ኖሮ አንድ ቀን ትንፍሽ አይልም? እኔ እዚያ ከእግዚአብሔር ጋር ስተናነቅ፣ እሱ እዚህ ተኝቶ...» ሳቋ መጣ፣ ከሳቋ ኋላ ለቅሶዋ መጣ፣ ከቀብሩ ወዲህ እንደዚህ ከሆዷ አላለቀሰችም ነበር። ስታበቃም ሁሉም ነገር አልቀለላትም። ቃሏን ሲሰማ አልተሳሳተም ነበር፣ እሺ። ግን ሞቷል።

ነርሷ አልተንቀሳቀሰችም። «እኔ ነኝ ያጠፋሁት፣ እትዬ» አለች። «ለእርስዎ መደወል ነበረብኝ። ስልኩን አንስቼ ነበር። ድምፃቸው ደስ ያለው ሰው ድምፅ ሆነብኝና ተውኩት። ማክሰኞ አልጋቸው ባዶ ሲሆን... አንዲት ስልክ ብደውል ኖሮ...»

አራሚዋ ይህን ንግግር ታውቀዋለች። ከማክሰኞ ጀምሮ በራሷ ሆድ ሲመላለስ የከረመው ነው። ልጅቷን የምታጽናናበት ሌላ ቃል ፈለገች፣ አጣች። ከሰው ሁሉ ስትሸሸው የሰነበተችው ያው ብቻ መጣላት።

«የእግዚአብሔር ፈቃድ ነው፣ ልጄ» አለቻት።

ስትለው አልተናነቃትም። ገብቷት አይደለም፤ ለምን እንደወሰደው አሁንም አልገባትም፣ አንድ ቀን ፊቱ ስትቀርብ እንደምትጠይቀውም ታውቃለች። ይህን የሚያህል ሸክም ግን ለዚህች ልጅ ትከሻ አይሆንም፣ ለእሷም አይሆንም፤ ለሚችለው መስጠት ነው።

«በይ ግቢ፣ ሻይ ጠጪ» ብላ ክንዷን ያዘቻት።

በልማድ የያዘቻት ግን በግራ ክንዷ ነው፣ ከእጅ አንጓዋ ትንሽ ከፍ ብሎ፣ በሁለት ጣት። ባሏ እዚያ ቦታ ላይ ለእጥበቱ ተብሎ ደም ቅዳና ደም መልስ ሥሮቹ ተገጣጥመውለት ነበር፤ ደሙ ሲሮጥበት ከቆዳው ሥር እንደ ንብ እንዝዝ ይላል። በየጠዋቱ እየዳሰሰች መሥራቱን የምታረጋግጠው በነዚህ ጣቶች ነው። ያስተማረቻትም ይህችው ነርስ ናት።

ጣቶቿ ጸጥ ባለው ክንድ ላይ ትንሽ ወደ ላይ፣ ትንሽ ወደ ታች አሉ። ነርሷ ምን እንደምትፈልግ ገባት። ክንዷን አልሳበችም፤ በሌላ እጇ እጅጌዋን ወደ ላይ ሰበሰበችላት።