የረሺዳ ታፔላ

ጅማ ውስጥ ከሰቶ ሰመሮ ሰፈር ተነስቶ ወደ ትምህርት ቤታችን ለሚሄድ ሰው የሄርማታ ገበያ መንገዱ አይደለም። እኔ ግን በሄርማታ ነበር የምሄደው። የሥራ ባልደረቦቼ «ሀብቴ፣ መንገድ ጠፋህ እንዴ?» ይሉኝ ነበር። ገበያው አጠገብ ሻይ የሚጥምበት ቤት አለ እላቸው ነበር። ውሸቴን ነው። አንድ ታፔላ ለማየት ነበር የምዞረው።

ታፔላው የአንዲት ልብስ ሰፊ ነበር፤ «ረሺዳ ልብስ ስፌት» ይላል። በ1984 ዓ.ም. የሣልኩት እኔ ነኝ። ያኔ ገና የሥዕል መምህር አልሆንኩም ነበር፤ የሱቅ ታፔላ እየጻፍኩ ነበር የምኖረው። ላሜራውን አባቷ ሰጡኝ፤ እሷ ደጃፉ ላይ የስፌት መኪናዋን ታሽከረክራለች። በአንድ ቀን የሚያልቀውን ሥራ አበባ እየጨመርኩ፣ ቅጠል እየጨመርኩ አንድ ሳምንት አስኬድኩት። ከዚያ በኋላም ያልተቀደደ ሱሪ ይዞ መመላለስ ሥራዬ ሆነ። ተዋደድን። ማንም በዱላ አላሳደደንም። እሷ የሐጂ ልጅ፣ እኔ ከሸዋ የመጡ ቄስ ልጅ፤ ሳይነገረን የምናውቀውን አውቀን ዝም አልን። በዓመቱ አንድ የሰቃ ቡና ነጋዴ አገባት፤ ስፌቱን ግን እዚያው ሄርማታ ቀጠለች።

እኔ ሚስት አላገባሁም። ለምን ሲሉኝ ደመወዙ መች ይበቃል እላለሁ። እውነቱ ግን ሌላ ሴት ዓይኔ አልገባ አለች። ናፍቆት በጊዜ ብዛት ይበርዳል የሚሉ ሰዎች ምን ናፍቀው እንደሚያውቁ አላውቅም። የኔ አልበረደም።

በ1999 ግንቦት ላይ፣ ሚሊኒየሙ ደረሰ ተብሎ ሱቁ ሁሉ ቀለም ሲቀባባ፣ ለስምንተኛ ክፍል ተማሪዎቼ የቤት ሥራ ሰጠሁ። ከከተማው ውስጥ ያላማራችሁን ታፔላ ምረጡና የተሻለ ንድፍ ሠርታችሁ አምጡ አልኳቸው። «ታፔላ የሚጻፈው በባጃጅ ለሚያልፍ ሰው ነው። ፊደሉን ብቻ አትዩ፤ በፊደሎቹ መሀል ያለውንም ባዶ ቦታ እዩ» ብዬ አስተማርኩ። ጥሩ መምህር ነኝ፤ ችግሩም እሱ ነው።

በሳምንቱ የረሺዳ ልጅ ናኢማ ተነሳች። የእናቷን ታፔላ በእርሳስ ገልብጣ፣ ከጎኑ የራሷን ንድፍ ሠርታለች። የድሮውን ማን እንደሣለው አታውቅም።

«ፊደሉ ያምራል ቲቸር፤ ግን አይነበብም። አበባው ነው የሚታየው» አለች። «ዋላሂ፣ ሠዓሊው ለመንገደኛ ሳይሆን ለእማ ብቻ የሣለው ነው የሚመስለው!»

ተማሪው አውካካ። እኔም ሳቅሁ፤ ጆሮዬ ግን ጋለ።

የሷ ንድፍ ከላይ በኦሮምኛ በቁቤ፣ ከሥር በአማርኛ ነበር፤ በነጭ ላይ ደማቅ ሰማያዊ። ሥዕሉ አንዲት መርፌ ብቻ ናት፤ ክሯ ሁለቱን መስመሮች ያያይዛል። እንከን ፈለግኩ። ፈልጌ ፈልጌ አጣሁ።

ደወሉ ከተደወለ በኋላ ጠረጴዛዬ ድረስ መጣች። «እማ አይታዋለች። መምህርሽ ይሄ ይሻላል ካለ ይሰቀል፣ ካላለ አሮጌው ባለበት ይቆይ አለች። ምን ልበላት?»

«ገና ይቀረዋል፣ ለከርሞ» ብላት ማን ያውቅብኛል? ታፔላዬ ይተርፋል፤ ጠዋት የማየው ነገር ይኖረኛል። ከዚያች ሴት የቀረኝ ይኸው አንድ ላሜራ ነው። ስስት ያዘኝ። ልጅቷ ግን ከንፈሯን ነክሳ ትጠብቃለች። እንዲህ የሚጠብቅ ልጅ ፊት መዋሸት አልችልበትም።

«ይሄኛው ይሻላል» አልኳት። «በጣም ይሻላል።»

እየዘለለች ወጣች። እኔ ምንም ያልተጻፈበትን ሰሌዳ ማጽዳት ጀመርኩ።

አዲሱን ላሜራ እሷው ጻፈችው፤ እኔ መስመር ብቻ አስያዝኳት። ቅዳሜ ረፋዱ ላይ ልንሰቅለው ሄድን። ረሺዳ መነጽር ማድረግ ጀምራለች። መነጽሩም ያምርባታል፤ ሁሉም ነገር ያምርባታል።

«እንኳን ደህና መጡ መምህር» አለችኝ፣ ልጇ አጠገቧ ቆማ። አዲሱንም ታፔላ እያየች «ጋሪዳ፣ ጥሩ ነው፣ ጎበዝ ነሽ» አለቻት።

መሰላል ላይ ወጥቼ የድሮውን መፍታት ያዝኩ። ብሎኖቹ ዝገዋል፤ ላሜራው ግን አልዛገም። የጅማ ዝናብ ያን ሁሉ ክረምት ወርዶበት አበቦቹ አልተላላጡም። ቀረብ ብዬ ሳይ ቅጠሎቹ ላይ የኔ ያልሆነ አረንጓዴ አለ። የለቀቀውን ቀለም አንድ ሰው በየጊዜው በቀጭን ብሩሽ፣ ከመስመሬ ሳይወጣ ሲሞላው ኖሯል። ከታች ሆኜ ባየሁት ጊዜ ሁሉ ይህን ልብ አላልኩም ነበር።

አንደኛው ብሎን እምቢ ሲለኝ ናኢማ የብሎን መፍቻ ልትዋስ ጎረቤት ሱቅ ገባች። ረሺዳ መጥታ መሰላሉን ያዘችልኝ።

«እምቢ ትላለህ ብዬ እኮ ነው ወዳንተ የላክኋት» አለች፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «እኔ ልጄን እምቢ ማለት አልሆነልኝም።»

ላሜራውን በሁለት እጄ እንደያዝኩ ቆየሁ።

«ለኔም አልሆነልኝም ረሺዳ» አልኳት።