ለቅሶው የት ነው?

«የት ናችሁ እናንተ? እኛ ደጃችሁ ላይ ስናለቅስ የሚቀበለን ሰው አጣን!» አሉ አክስቷ እማማ አማከለች በስልክ።

ሸጌ ወንድሟን ደስታውን አየችው። የአባታቸው የአቶ የሻው ሠልስት ነው። ድንኳኑ ወረታ ዳር፣ በተከራዩት ቤት ግቢ ተተክሏል። መርዶው ዘግይቶ የደረሳቸው የሐሙሲት ዘመዶች ግን መገንጠያው ላይ ወርደው በለመዱት መንገድ ወደ ድሮው ቤት ሄደዋል። መፍረሱን ቢሰሙም እንዲህ ጨርሶ ይጠፋል ብለው አላሰቡም።

«ባጃጅ ልኬ ላስመጣቸው» አለ ደስታው።

«ተወው፣ እኔ እሄዳለሁ።»

የድሮው ቤት ያፈስ ነበር፤ ግድግዳውም ዘምሞ ነበር። ፎቅ ሊሠራበት ነው ሲባል ከሁሉ በላይ ደስ ያላት እሷ ነበረች። ዛሬ ቦታው በቆርቆሮ ታጥሮ ሣር ያበቅላል። ፎቁም የለ፣ ቤቱም የለ።

ሸጌ ስትደርስ አክስቷ ከሌሎቹ ዘመዶች ጋር በአጥሩ ክፍተት ገብተው፣ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው መሬት ላይ ተቀምጠዋል።

«ኧረ ይነሡ እማማ፣ ለቅሶው እዚያ ነው።»

«እዚያ ማን አለ? ወንድሜ እዚያ ኖሯል እንዴ?»

 እውነት ነው፣ አባቷ እዚያ ሰነበቱ እንጂ አልኖሩም። ሸማኔ ነበሩ፤ ዕድሜያቸውን ሙሉ እግራቸውን ጉድጓድ ውስጥ ከትተው፣ መርገጫውን እየረገጡ ነው የሸመኑት። የኪራዩ ቤት ወለል ሲሚንቶ ነው፤ አከራይዋም ጉድጓድ አይቆፈርም አለች። የሽመና ዕቃቸውን አልጋ ሥር ከትተው በረንዳ ላይ ይውሉ ጀመር።

«ምን ላምጣልዎት አባባ?» ስትላቸው፣ «ምንም አልሻ ልጄ፣ እግሬ ሥራ ፈትቶ ነው» ይሏት ነበር።

ደስታው ጋ ደወለች። «ድንኳኑን ወደዚህ አምጡት።»

«አብደሻል? ባዶ ሜዳ ላይ ለቅሶ ይቀመጣል? ሰው ምን ይለናል?»

«ሰውማ እዚህ ነው የመጣው። የሚያስነሣን ከመጣም ያስነሣን።»

ስልኩን ዘግታ ሣሩን እየገለጠች መፈለግ ጀመረች። ዶዘሩ ሁሉንም ደልድሎታል፤ ዝናቡ ግን አንድ ቦታ ላይ፣ የአባቷ የሽመና ጉድጓድ በነበረበት፣ አፈሩን አስርጎታል። አባቷ ክፉኛ ናፈቋት። ጫማዋን አውልቃ ጠርዙ ላይ ተቀመጠችና እግሮቿን ወደ ውስጥ ሰደደች። ጭቃው ይቀዘቅዛል። በቀኝ እግሯ ረገጥ አደረገች፤ ከዚያ በግራዋ።