የባትሪው ውሃ

እኔ ተስፋው ቁጡ ነኝ፤ አልደብቅም። ሥራዬ ሶላር መግጠም ነው። ከማንኩሳ እስከ ቡሬ የእኔ እጅ ያልነካው ሶላር ብትፈልጉ ትደክማላችሁ። የራሴ ቤት ላይ የገጠምኩት ግን ለመብራት ብዬ አልነበረም፤ ለልጄ ለሰብለ ነው። ስኳር ነበረባት። በአሥራ አንድ ዓመቷ መርፌውን ራሷ ትወጋ ነበር፤ እኔ ፊቴን ሳዞር እየሳቀችብኝ። መንገድ በተዘጋ ቁጥር መድኃኒት ስለሚጠፋ የሦስት ወር አስቀምጥላት ነበር፤ እሱ ደግሞ ቅዝቃዜ ይፈልጋል። አንዲት ትንሽ ፍሪጅ፣ አንድ የሶላር ሰሌዳ፣ አንድ ባትሪ። የልጄ ሕይወት እዚያ ላይ ነበር።

እናቷ በወሊድ ስለሞተች ያሳደገቻት እናቴ ንግሥቴ ናት። የባትሪው ውሃ ሲጎድል ከሱቅ የገዛሁትን የባትሪ ውሃ ከጠርሙስ ስጨምርበት እናቴ አጠገቤ ቆማ፣ "የጉድጓዱ ውሃስ ምን አለበት?" ትለኛለች። ሦስት ጊዜ ጠይቃኛለች። ሦስቱንም ጊዜ፣ "ተይው እማ፣ አንቺ አይገባሽም" አልኳት። ሰው ቤት ሄጄ ለማላውቀው ገበሬ ግማሽ ቀን ሳስረዳ የምውለው ሰውዬ!

የካቲት ላይ ለመስኖ ፓምፕ ሶላር ልገጥም መራዊ ሄድኩ። መንገዱ ተዘጋ፤ ስልክም ጠፋ። አንድ ወር ከአሥር ቀን እዚያው ቀረሁ።

መንገዱ ተከፍቶ ቤቴ ስደርስ ሰብለ ከስታ፣ አፏ ደርቆ፣ ውሃ ውሃ ትላለች። ባትሪው ሞቷል። መርፌውን በየቀኑ ወግታለች፤ ግን ፍሪጁ ስለቆመ መድኃኒቱን የቆርቆሮ ጣሪያው ሙቀት አበላሽቶታል። በቃሬዛ ተሸክመናት ወደ ፍኖተ ሰላም ስንሮጥ ሆስፒታል ሳንደርስ አረፈች።

በሦስተኛው ቀን፣ ለቀስተኛው ተቀምጦ ሳለ፣ ባትሪውን ከፍቼ አየሁት።

"ምን ጨመርሽበት?" አልኳት እናቴን።

"የጠርሙሱ አለቀና ውሃው ወረደ። የጉድጓዱን እንደማትወደው አውቃለሁ። ለልጅቱ ብዬ ጠበል ቀድቼ ጨመርኩበት፤ በጾም አፌ፣ ሁለት ሰዓት በእግሬ ሄጄ።"

ጠበል ለሰው ነው። ከምድር የፈለቀ ውሃ ባትሪ እንደሚገድል ከቤታችን የማውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ። ይህን ማለት ሲገባኝ፣ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት፣ "ልጄን የገደልሻት አንቺ ነሽ" አልኳት። ምላሴ ይቆረጥ። ለቀስተኛው ሁሉ አቀረቀረ።

ከዚያ ወዲህ እናቴ ጠበል አፏ አይገባም። በሰብለ አርባ ቄስ ኃይለ ሚካኤል ጠበል ሲረጩ ነጠላዋን ተከናንባ ወጣች። ቄሱ ተከትለዋት፣ "ምነው እትዬ ንግሥቴ?" ቢሏት፣ "እጄ ነው አባ፣ የእኔ እጅ ነው ያበላሸው" አለቻቸው። እግሯ ላይ ወድቄ ይቅርታ ጠየቅኋት። "ተነሣ ልጄ" ብላ ወደ ጓዳ ገባች።

ባለፈው ሳምንት አዲስ ባትሪ ገጠምኩ። ለማን ብላችሁ አትጠይቁኝ። እናቴን አጠገቤ አስቀምጬ አስረዳኋት፤ ከምድር በሚወጣ ውሃ ሁሉ ውስጥ ጨው አለ፣ ጨዉ የባትሪውን ሆድ ይበላዋል፣ የጠርሙሱ ውሃ ግን ከእንፋሎት የተጠራቀመ ስለሆነ ምንም የለበትም። እጆቿን ነጠላዋ ውስጥ ደብቃ እስከ መጨረሻው ሰማችኝ።

"ይኸው ገባኝ" አለች። "ይቺን ለመንገር ነው እንዴ ይህን ያህል የከበደህ?"