አጣነው

ልብስ ሰፊዋ ባሏን ታውቀዋለች። ሥራ በመጣ ቁጥር ተከትሎ የሚመጣ በሽታ አለው። ምንጣፍ ይራገፍ ሲባል ወገቡን፣ ቁም ሣጥን ይገፋ ሲባል ጉልበቱን ያመዋል፤ እናቷ ሊጠይቋት ሲመጡማ ከራስ ፀጉሩ እስከ እግር ጥፍሩ ነው። ስለዚህ ያን ጠዋት የሚያፈሰውን ጣሪያ ውጣና ድፈን ስትለው ሆዱን ይዞ ሲጥመለመል፣ ከስፌት መኪናዋ ቀና እንኳ አላለችም።

«ዛሬ ደግሞ ሆድ ሆነ? ወገብህ እረፍት ወጣ?»

«ሙች፣ እውነቴን ነው።»

«ብትሞትም አላምንህም።»

ሰውየው መሰላሉን ሳይነካ በሩ ላይ ዘጭ አለ። ላቡ እንደ ውሃ ሲወርድ ስታይ ነው ስፌቷን ጥላ የተነሣችው። ሆስፒታል ሲደርሱ የድንገተኛ ክፍሉ ሐኪም ቀኝ ጎኑን ጫን ለቀቅ እያደረገ መረመረውና «ትርፍ አንጀት ይመስላል፤ ቀዶ ጥገና ያስፈልገዋል» አለ። ወዲያው አስገቡት።

ውጭ አግዳሚው ላይ ከባሏ ታላቅ እህት ጋር ተቀመጠች። እትዬ ነገር ካገኙ የማይምሩ ሴት ናቸው።

«ጠዋት ምን ብሎሽ ነበር?»

«ምንም።»

«ምንም ሳይልሽ ነው የወደቀው?»

ፊቷን ወደ ቀዶ ጥገናው ክፍል በር አዞረች። «ብትሞትም» ማለቷን እትዬ ቢሰሙ ከአግዳሚው እንደሚገፈትሯት ታውቃለች።

ቀዶ ሐኪሙ ወጣ። ገና ወጣት ነው፤ ቆቡ በላብ ርሷል።

«ብዙ ሞከርን። ትልቁ ሐኪም ሁሉ ተጠርተው ገብተው ነበር። በመጨረሻ ግን አጣነው።»

ልብስ ሰፊዋ ከአግዳሚው ተንሸራታ ወለሉ ላይ ተዘረጋች። እትዬ «ወንድሜን» ብለው ሲጮኹ የኮሪደሩ ሰው ሁሉ አብሮ ማልቀስ ጀመረ፤ ጥርሱን ሊነቀል የመጣው ሰውዬ ሳይቀር።

«እኔ ነኝ የገደልኩት፤ አመመኝ ሲለኝ አላመንኩትም።»

«ማንን?» አለ ሐኪሙ ግራ ገብቶት። «ትርፍ አንጀቱን ነው እኮ ያጣነው። እሱማ ተኝቷል፤ እንዲያውም ያንኮራፋል።»

የኮሪደሩ ሰው ለቅሶውን አቆመ። ሰውዬው እንባውን ጠርጎ ወደ ጥርሱ ሕመም ተመለሰ።

«አጣነው ማለት?» አለች ልብስ ሰፊዋ ከወለሉ ላይ።

«ሲፈጠርም አልነበረውም። እንዲህ ያለ ሰው አልፎ አልፎ ያጋጥማል። ትርፍ አንጀት መደበቅ ይወዳል፤ ከትልቁ አንጀት ጀርባ የሚሸጎጥበት ጊዜ አለ። ስለዚህ በደንብ ሳንፈልግ የለም አንልም። ፈለግን፤ የለም።»

ልብስ ሰፊዋ ተነሥታ ቀሚሷን አራገፈች። ሐዘኗ ወደ ንዴት ለመዞር ጊዜ አልፈጀበትም።

«በሌለው አንጀት ነው የታመመብኝ? ዶክተር፣ እኔ ይሄን ሰውዬ አውቀዋለሁ።»

«ቆይ፣ አሁን አይደል እንዴ ገደልኩት ስትይ የነበረው?» አሉ እትዬ።

«እትዬ፣ ያኔ ሞቶ ነበራ።»

ሐኪሙ ሳቁን ዋጠ። «ሕመሙስ እውነት ነው። ትልቁ አንጀት ጎን ላይ መግል የቋጠረች ትንሽ ከረጢት አግኝተን አውጥተናል። ትንሽ ብትዘገዩ ትፈነዳ ነበር። ትርፍ አንጀት እንደሌለው ደግሞ እናንተም አትርሱ፤ ሌላ ጊዜ ሆዱን ሲያመው ለሚያየው ሐኪም ንገሩ። የሌለ ነገር ፍለጋ ሁለተኛ እንዳይከፈት።»

«ስለዚህ እውነቱን ነበር» አለች ቀስ ብላ። የትኛው እንደከበዳት መለየት አቃታት፤ ባሏ ለሞት መቃረቡ ነው ወይስ ባሏ ልክ መሆኑ።

ሲነቃ አልጋው አጠገብ ወንበር ላይ ተቀምጣ እጁን ይዛዋለች።

«አወጡልኝ?»

«የሚወጣ አልነበረህም። ፈጣሪ ትርፍ የሚባል አልሰጠህም።»

ትንሽ አሰበ። «ታዲያ ትርፍ ሥራ የማልወደው ከተፈጥሮዬ ነዋ።»

ሳቋ አመለጣት። እሱም ሊስቅ ሲል ስፌቱ ያዘው።

«ኧረ አታስቂኝ... አመመኝ።»

ሌላ ጊዜ ቢሆን፣ የት፣ ከመቼ ጀምሮ፣ የትኛውን ሥራ ፈርተህ ነው እያለች ታፋጥጠው ነበር። አሁን ግን ወንበሩን ገልብጣ ወደ ኮሪደሩ በረረች።

«ሲስተር፣ ድረሽልኝ፤ ባሌን አመመው።»

«የቱ ጋ?»

«እኔ ምን አውቄ። እሱ አመመኝ ካለ አመመው ነው።»