ከጎማው ላይ የጠፋው ጉልበት

ጋሼ ጥርስ ካምቢዮ ሲገጥሙ ጸሎት ላይ ያሉ ይመስላሉ፤ አይቸኩሉም፣ አያወሩም። «ጥርስ» የሚለውን ቅጽል ስም ያወጡላቸው የጋራዡ ሰዎች ናቸው። ዕድሜያቸውን የማርሽ ጥርስ ሲያስተካክሉ ፈጅተው የገዛ አፋቸው ውስጥ የቀሩት ግን ሦስት ብቻ ናቸው። እሳቸውም ስቀው ተቀበሉት።

የጋራዡ ጉልበት ለኪ የወንድማቸው ልጅ ነው። ያሳደጉትም፣ ሙያ ያስያዙትም እሳቸው ናቸው። ሥራው መኪናን ሮለር ላይ አቁሞ፣ በቀበቶ ወጥሮ፣ ሞተሩ ከሚያመነጨው ጉልበት ስንቱ ጎማ ድረስ እንደሚደርስ መለካት ነው።

የዚያን ቀን የቀረበችው የእሽቅድምድም መኪና ነበረች። ሞተሯ ለብቻው ሲለካ አራት መቶ የፈረስ ጉልበት ሰጥቷል። በካምቢዮና በዘንግ ሲያልፍ ጥቂቱ በሰበቃ መባከኑ ያለ ነው፤ ጎማ ላይ ሦስት መቶ አርባ ቢገኝ ማንም ቅር አይለውም። ስክሪኑ ያወጣው ግን ሦስት መቶ ሦስት ነው።

«መቶ ፈረስ የት ገባ?» አለ ባለመኪናው። «መንገድ ላይ ሣር አይተው ቀሩ እንዴ?»

ጓደኞቹ በሳቅ ፈነዱ። ለኪው ሳቁ ወደ እሱ እንዳይዞር ፈራና አፉ እንዳመጣለት ተናገረ።

«የኔ ማሽን አይዋሽም። ካምቢዮው ነው የበላው። ጋሼ፣ እጅዎ ደክሟል እኮ!»

ጋሼ እጃቸውን አገላብጠው አዩት። ካምቢዮውን አውርደው ብትንትኑን አወጡት፤ አንድም የተበላ ጥርስ፣ አንድም የላላ ብሎን አጡ። ጥፋት ማጣታቸው ይበልጥ አስደነገጣቸው።

«ዓይኔም ከእጄ ጋር ሄዷል ማለት ነው» አሉ። መልሰው ገጠሙት፣ የመፍቻ ሳጥናቸውን ዘጉና ቤት ዋሉ።

በሳምንቱ ለኪው እንደ ልማዱ ማሽኑን በጋራዡ አሮጌ መኪና ፈተሸ። ጉልበቷን እንደ ስሙ ያውቀዋል። እሷም ጎደለችበት። ወርዶ ጎማዋን ቢነካው ያቃጥላል፤ የላስቲኩ ሽታ አፍንጫ ይሰነፍጣል። ጎማው ሮለሩ ላይ ተጨፍልቆ ተለጥፏል። ቀበቶውን አየ፤ ከዚያ የገዛ እጁን።

ቀደም ሲል አንዲት መኪና ከሮለሩ ዘልላ ከግድግዳ ጋር ልታጣብቀው ስትል ለጥቂት ነበር የተረፈው። ከዚያ ወዲህ ቀበቶ ሲያስር እጁ ሳያማክረው ጉተታ ይጨምራል። መፍራቱን ለማንም አልነገረም፤ ለራሱም ጭምር። ከልክ በላይ የጠበቀው ቀበቶ ጎማውን ሲጨፈልቀው ጉልበቱ በሙቀት ይባክናል፤ እሱ ግን ጥፋቱን ባሳደጉት ሰው እጅ ላይ አላከከ።

ቀበቶውን አላላና ደግሞ ለካ። የአሮጌዋ ጉልበት ተመለሰ። ያየ ሰው የለም፤ ዝም ቢል ዝም ነው።

«አንተ አይተሃል» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ወደ ሰማይ ቀና ብሎ። ባለመኪናውን ከነጓደኞቹ ጠራ፤ ጋሼንም ከቤታቸው ለምኖ አመጣ።

በሁሉም ፊት የእሽቅድምድም መኪናዋን እንደዚያን ቀን ጥርቅም አድርጎ አሰራት። ሦስት መቶ ሦስት። ቀበቶውን አላላ። ሦስት መቶ አርባ አንድ።

«ካምቢዮው ምንም አልሆነም» አለ፤ ዓይኑ መሬት ላይ ነው። «የበላሁት እኔ ነኝ። መኪናዋ ትዘልብኛለች ብዬ ፈርቼ፣ ከልክ በላይ አጥብቄ።»

«ኧረ ጉድ! መኪና የሚፈራ ለኪ!» አለ ከጓደኞቹ አንዱ። ተሳቀበት። እሱ የሚጠብቀው የጋሼን ቁጣ ነው።

ጋሼ ግን እጃቸውን ዘርግተው እያዩ ነበር። «ታዲያ እጄ ደህና ነው?»

«ደህና ነው፣ ጋሼ።»

«አትደልለኝ።»

«እርስዎ ይሙቱ፣ ደህና ነው።»

ሦስቱ ጥርሶች ብቅ አሉ። «እግዜር ይስጥህ፣ ልጄ። እኔ እኮ የሻይ ብርጭቆ እንኳ በሁለት እጄ ነበር የምይዘው፤ ይወድቅብኛል ብዬ።»

ለኪው ቁጣ ቢሆን ይችለው ነበር፤ ምርቃቱን ግን አልቻለም። ጎንበስ አለና ቀድሞ የላላውን ቀበቶ ማላላት ጀመረ።