ማንም የማይመጣበት ጩኸት

ክንፈ አስፈሪ ፊልም የሚሠሩ ዳይሬክተሮችን እንደ ታቦት በየተራ ያነግሣል። አንድ ሰሞን ጣሊያናዊውን፣ ሌላ ሰሞን ጃፓናዊውን። ዘንድሮ የነገሠው አንድ ኮሪያዊ ነው፤ ጭራቅ አያሳይም፣ ደም አያፈስም። አንዲት ሴት ትጮኻለች፣ ከዚያ ዝምታ። ማንም አይመጣም። ክንፈ ያን ዝምታ ባየ ቀን እህል አልቀመሰም።

አሁን እሱም በስልኩ የራሱን ፊልም እየቀረጸ ነው። የቀረው ጩኸቱ ብቻ ነው፤ ያለ እሱ የሁለት ወር ልፋቱ ገደል መግባቱ ነው። ተዋናይቱ፣ የጎረቤቱ ልጅ ፋዲላ፣ አልጮህም ብላ አስቸገረችው።

«ሸዋ ሮቢት መሀል ቆሜ ኡኡ ልበል? አገር ምድሩ ዱላ ይዞ ይመጣል እኮ!»

«ወንዝ ዳር እንሄዳለን። በዚህ ፀሐይ ማን አለ?»

«ወይ ዳይሬክተር! ያንተ ኮሪያዊ ጎረቤት የለውም እንዴ?»

ቢሆንም ሄደች። ከማንጎው ሥር ቆማ ሻሿን አጠበቀች፣ ዐይኗን ጨፈነች። «ኡኡ! ድረሱልኝ!» ስትል የክንፈ የራሱ ጀርባ ቀዘቀዘ። ትንፋሹን ውጦ ዝምታውን ጠበቀ።

ዝምታው አልመጣም። ከሽንኩርቱ ማሳ «አይዞሽ! መጣን!» የሚል ድምፅ ተነሣ፤ ውሃ ተንቦጫረቀ፣ እግር መሬቱን ደለቀው። ከሁሉ ቀድመው የደረሱት ማሳው ላይ የነበሩት ጎረቤታቸው እትዬ አስካለ ናቸው፤ ነጠላቸው ወድቆ፣ ማጭድ እንደጨበጡ። የፋዲላ አጎት ጋሽ ሰዲቅም ከነሠራተኞቻቸው ከች አሉ።

የፊልም ነገር መሆኑ ሲታወቅ አንዱ ሠራተኛ ሳቀ። ጋሽ ሰዲቅ አልሳቁም።

«ያ አላህ! በኡኡታ ይቀለዳል? ዛሬ በከንቱ ሮጠን ነገ ብንቀርስ? በል አጥፋው። አሁኑኑ፣ እያየሁህ!»

«ጋሼ፣ የናንተን ሩጫ እቆርጠዋለሁ» አለ ክንፈ እየተንተባተበ። «እኔ የምፈልገው ጩኸቷን ብቻ ነው። ማንም የማይመጣበት እንዲሆን።»

ቦዩ ዳር ተቀምጠው ትንፋሻቸውን ይሰበስቡ የነበሩት እትዬ አስካለ ቀና አሉ።

«ማንም የማይመጣበት?»

ሁሉም መሬት መሬት አየ። ከተማዋን ባመሳት በዚያ ግርግር የእትዬ አስካለ ልጅ መሳፍንት የሞተ ዕለት፣ እሱ ራሱ የት እንደነበረ የማያስታውስ ሰው እዚያ አልነበረም።

«ያን ቀን እኔ ስጮህ ማንም አልመጣም» አሉ። «አልፈርድም፤ ሁሉም በየደጁ ይጮህ ነበር። እስቲ አሰማኝ።»

ክንፈ ስልኩን ከፈተላቸው። የፋዲላን ጩኸት ዐይናቸውን ሳያርገበግቡ ሰሙት። «መጣን!» የሚለው ላይ ሲደርስ እጃቸውን አነሡ።

«ይኼ የማን ድምፅ ነው?»

«የኔ ነው» አሉ ጋሽ ሰዲቅ ዝግ ብለው።

«መልሰው። ከጩኸቱ አይደለም፣ ከእግር ኮቴው ጀምርልኝ።»

መለሰው። ደግመው አስመለሱት። በሦስተኛው ጋሽ ሰዲቅ አጠገባቸው ቁጢጥ አሉ፤ «አጥፋው» ማለታቸውን ትተውታል። ክንፈ የቱን ቆርጦ የቱን እንደሚያስቀር ጠፍቶት፣ ጣቱን ስልኩ ላይ እንዳደረገ፣ እንደገና «ድገመው» እስኪሉት ይጠብቅ ጀመር።