የመጨረሻው እጣቢ

ባሌ ቤት ውስጥ ቢራ እጠምቃለሁ ብሎ ከሥሩ ቧንቧ ያለው ትልቅ የብረት ድስት ገዛ። እስካሁን ግን ቢራ የሚባል ነገር በዓይናችን አላየንም፤ ሥራው ማጠብ ብቻ ነው። የድስቱን ቧንቧ በጥርስ ብሩሽ ይፈትገዋል፣ ያውም በእኔው!

ትናንት አባቴን ለቅምሻ ጠራው። አባቴ ሱፉን ግጥም አድርጎ ከች አለ። ባሌም ከድስቱ አንድ ብርጭቆ ሙሉ ቀዳለት።

«የመጨረሻው እጣቢ ነው፤ ይቅመሱት አባባ። ምንም ጣዕም ከሌለው ድስቱ ጸድቷል ማለት ነው።»

መሬት ተሰንጥቃ በዋጠችኝ አልኩ። አባቴ ግን ዓይኑን ጨፍኖ አጣጣመው።

«ሳሙና ሳሙና ይላል።»

ባሌ ክው አለ። ድስቱን እንደ ታመመ ልጅ አቅፎ ወደ ማጠቢያው ሮጠ። አባቴም ኮቱን አውልቆ እጅጌውን እየሰበሰበ ተከተለው።

«ልጄ፣ የጥርስ ብሩሽሽን አምጪልን!»